አጥንቱ እስኪገጥም ጡንቻው የት ይሄዳል?

(በጅማ ከተማ፣ በአንድ የሰፈር ዕድር አዳራሽ፣ ለዕድሩ አባላት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለወጌሾችና ለተማሪዎች ከቀረበ ንግግር ተገልብጦ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሕዝቡ አምኗችሁ የተሰበረውን የሚያመጣላችሁ ወጌሾች፣ ውድ ተማሪዎች፤ ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርቱ። የቡና ለቀማ በተጀመረበትና የእያንዳንዱ ሰው እጅ በሚፈለግበት በዚህ ሰሞን ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ስብራት ለመነጋገር ይህን ወቅት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ከቡና ዛፍ የወደቀ ዘመድ፣ ጭቃ ያዳለጠው ጎረቤት፣ ባጃጅ የገጨው ልጅ የሌለው ማን አለ?

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ አጥንት አይደለም። የተሰበረ ሰው ልንጠይቅ ስንገባ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ገጠመ ወይ?» እንላለን። በአጥንቱ ዙሪያ ስላለው ሥጋ፣ ስለ ጡንቻው፣ የሚጠይቅ የለም። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ያየኋቸው ብዙ ሕመምተኞች አጥንታቸው ገጥሞ ሳለ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው፣ ስብራታቸው ድኖ ሳለ መቆፈሪያ ማንሣት ያልቻሉ ሰዎች ናቸው። አጥንቱ ድኗል፤ ሰውየው ግን አልዳነም። ስለዚህ ንግግሬ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጡንቻው ምን ያህል፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመነምን። ሁለተኛ፣ ለምን እንደሚመነምን። ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጥብኝም ይህ ነው፣ ጀሶው ሳይወጣም ከወጣም በኋላ ምን ማድረግ እንደምንችል።

ከራሴ ልጀምር። የ19 ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ በጎማ ወረዳ በአጎቴ ማሳ ለቀማ ሳግዝ ከዛፍ ወደቅሁና የግራ ቅልጥሜ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተወስጄ ከጭኔ እስከ እግር ጣቶቼ ሥር ጀሶ ታሰረልኝ። አጥንቴን ያቀኑልኝ በጥንቃቄ ነው፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ እናቴ ፍራሽ ዘርግታ፣ እግሬን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ 10 ሳምንት ሙሉ እንደ አራስ ተንከባከበችኝ። ውኃ እንኳ ተነሥቼ እንድቀዳ አልፈቀደችልኝም። ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመድ ሁሉ ምክሩ «እንዳትንቀሳቀስ፣ አጥንቱ ይላላል» የሚል ነበር። እኔም ታዘዝኩ። ከጀሶው ውጪ የነበሩትን ጣቶቼን እንኳ አላነቃነቅሁም።

ጀሶው በመጋዝ ተቆርጦ ሲከፈት እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። የወጣው እግር ቆዳው የተላላጠ፣ ባቱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ጉልበቱ ከጭኑ የወፈረ ነበር። እናቴ በሁለት እጆቿ ጭኔን ዙሪያውን ስትይዘው ጣቶቿ ተገናኙ። ቀኙንም እንዲሁ ያዘችው፤ ጣቶቿ አልደረሱም። ምንም ሳትናገር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባለሙያው «አጥንትህ ገጥሟል፤ በቃ፣ መሄድ ትችላለህ» አለኝ። በየትኛው ጡንቻ ነው የምሄደው? ጉልበቴን እንዴት እንደማጥፍ፣ ጭኔን እንዴት እንደማጠነክር፣ መቼ ክራንቹን እንደምጥል አንድም ቃል የነገረኝ የለም። በ5ኛው ቀን የቤታችንን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና በፊቴ ተደፋሁ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬንን ዳገት ሳላነክስ ለመውጣት ጀሶው ከወጣ በኋላ 7 ወር ፈጅቶብኛል። ይህን ሙያ ያስመረጠኝ ያ ደረጃ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የጀሶ ፋሻን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለዓለም ያስተዋወቀው አንቶኒየስ ማቲሰን የተባለ ኔዘርላንዳዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ጀሶ የብዙ ሰዎችን እጅና እግር አትርፏል፤ እኔም ጀሶን ልነቅፍ አልቆምኩም። ነገር ግን ጀሶ ዋጋ ያስከፍላል፤ ያን ዋጋ በትክክል ከለኩት መካከልም የዚያው አገር ተመራማሪዎች ይገኙበታል። በማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት 24 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ወስዶ የአንድ እግራቸውን ሙሉ በጀሶ አሰረ፤ ግማሾቹን ለ5 ቀን፣ ግማሾቹን ለ14 ቀን። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሰዎች አልተሰበሩም፣ አልታመሙም፣ አልተራቡም። በ5 ቀን ውስጥ የፊት ጭናቸው ጡንቻ ውፍረት በ3.5 በመቶ፣ ጉልበቱ (ኃይሉ ማለቴ ነው) ደግሞ በ9 በመቶ ቀነሰ። በ14 ቀን ውስጥ ውፍረቱ በ8.4 በመቶ፣ ጉልበቱ በ23 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

አምስት ቀን! ከሐሙስ ገበያ እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ገበያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት ግን ሰው ለ6፣ ለ8፣ ለ10 ሳምንት ይታሰራል፤ ያውም ተሰብሮና ቆስሎ፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ።

ሽማግሌዎቻችንስ? በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችንና በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አንድ እግራቸው ለ2 ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ወጣቶቹ ከዚያ እግር በአማካይ 485 ግራም ጡንቻ፣ አዛውንቶቹ 250 ግራም አጡ። ከጉልበታቸው ወጣቶቹ አንድ ሦስተኛውን፣ አዛውንቶቹ አንድ አራተኛውን ያህል አጡ። ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው ሽማግሌ ይሻላል» እንዳትሉ። ወጣቱ ብዙ የሚያጣው ብዙ ስላለው ነው። የ70 ዓመት አባት ግን ከወንበር ለመነሣት የሚበቃ ያህል ጉልበት ብቻ ቀርቷቸው ከሆነ፣ ከዚያች ላይ አንድ አራተኛው ሲሄድ ከወንበሩ መነሣት ያቅታቸዋል። ሁለቱም ከተፈቱ በኋላ ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት ከ3 እስከ 4 ጊዜ ብስክሌት ነድተዋል፤ የጡንቻው መጠን ተመለሰ፤ ጉልበታቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት ያፈረሰውን ስድስት ሳምንት ሙሉ በሙሉ መልሶ መገንባት አልቻለም።

ሁሉም ጡንቻ እኩል አይመነምንም። ቀጥ ብለን እንድንቆም የሚደግፉን ጡንቻዎች፣ በተለይ የፊት ጭንና የባት ጡንቻዎች፣ ቀድመው ይከሳሉ። ከመሬት ስበት ጋር ሲታገሉ የሚውሉ ናቸውና ትግሉ ሲቀርባቸው የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ለምን? ቤታችሁ ያለውን ሮቶ አስቡት። ከላይ ውኃ ይገባል፤ ከታች እየተቀዳ ይወጣል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል እስከሆነ ድረስ የውኃው ከፍታ አይለወጥም። ጡንቻም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው የጡንቻ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ ያንኑ ያህል አዲስ ይሠራል። እጅ ወይም እግር ሲታሰር ምን ይሆናል? ብዙዎቻችን የምንገምተው ከታች የሚፈሰው እንደሚጨምር ነው። በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በዋናነት የላይኛው ቧንቧ እንደሚጠብብ ነው፤ ጡንቻው አዲስ ፕሮቲን የመሥራት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ፣ ምግብ ስንበላ ጡንቻችን ያንን ምግብ ተቀብሎ ራሱን ይገነባል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ግን ለቀረበለት ምግብ ጆሮ ይነፍጋል። ምግቡ በደም በኩል ደጁ ይደርሳል፤ እርሱ በሩን በደንብ አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው እንቅስቃሴ ነው።

አንድ መልካም ዜና እዚህ ላይ አለ፤ ወጣቶች በተለይ ስሙኝ። በጥቂት ሳምንታት እስራት የጡንቻው ክሮች ይቀጥናሉ እንጂ አይሞቱም። ቤቱ ፈርሶ መሬቱ ባዶ አልቀረም፤ ግድግዳው ሳስቷል፤ ምሰሶው አለ። ስለዚህ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በ14 ቀን የጡንቻው ውፍረት የቀነሰው በ8 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ ጉልበቱ ስለ ምን በ23 በመቶ ቀነሰ? የተቀረው ጉልበት የት ሄደ? መልሱ ጡንቻው ውስጥ ብቻ አይገኝም። ጡንቻን የሚያዝዘው አንጎል ነው፤ ትእዛዙን የሚያደርሰው ነርቭ ነው። ለሳምንታት ያልታዘዘ ጡንቻ ትእዛዙ ይደክምበታል። በአሜሪካ ኦሃዮ ተመራማሪዎች የጤነኛ ሰዎችን የእጅ አንጓ ለ4 ሳምንት አሰሩ። ከታሰሩት ግማሾቹ በሳምንት ለ5 ቀናት እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንጓቸውን በኃይል እንደሚያጥፉ በሐሳባቸው ብቻ ይለማመዱ ነበር። ያልተለማመዱት 45 በመቶ ገደማ ጉልበታቸውን አጡ፤ የተለማመዱት 24 በመቶ ገደማ። በማሰብ ብቻ! ካናዳ ውስጥ በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ክንዳቸው ለ3 ሳምንት የታሰረ ሰዎች ጤነኛውን ክንዳቸውን በብርቱ ሲያሠሩት የታሰረው ክንድ ጉልበት ተጠብቆ ተገኘ። ወንድሞችና እህቶች፣ ቀኝ እጅ ሲሠራ ግራው ይማራል።

የእጅ አንጓው ተሰብሮ ለመጣ አንድ የሰቃ ጨቆርሳ ገበሬ ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ በሐሳቤ ምን ልሥራ?» አለኝ። «በየዕለቱ የምትሠራው ምንድን ነው?» አልኩት። ቡና እንደሚኮተኩት ነገረኝ። «እንግዲያው ጠዋትና ማታ ዓይንህን ጨፍነህ ኮትኩት፤ መቆፈሪያውን ጥብቅ አድርገህ ያዝ» አልኩት። ጀሶው ሲወጣ ተመልሶ መጣና ከማሳው አንድ ረድፍ ሳይቀር እንደኮተኮተ በኩራት ነገረኝ። ቀለሙን ሳይቀር አይቶት ነበር፤ የቡናውን ፍሬ ቅላት፣ የአፈሩን ጥቁረት። በዚያ እጅ ጽዋ ለማንሣት ብዙ ቀን አልፈጀበትም።

ስለ አስተሳሰር ሁኔታም አንድ ነገር ልበል፤ ወጌሾች በተለይ አድምጡኝ። አጥሮ የታሰረ ጡንቻ አጥሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1972 በድመቶች ላይ በታተመ ጥናት፣ የባት ጡንቻ ባጠረበት ሁኔታ ለ4 ሳምንት ሲታሰር በርዝመቱ ከተደረደሩት ጥቃቅን የመኮማተሪያ ክፍሎች 40 በመቶ ገደማ ጠፉ። ሰው እግሩ ጣቱን ወደ ታች ጠቁሞ ከታሰረ ባቱ ያጥርና ሲፈታ ተረከዙ መሬት አይነካም። ለሰላትም ሆነ ለስግደት መንበርከክ፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ፣ ቁልቁለት መውረድ ሁሉም ይከብደዋል። ስለዚህ ሌላ የሕክምና ምክንያት ከሌለ እግር ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ከቅልጥም ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይታሰር።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። እናንተ ወጌሾች ሐኪም በሌለበት ሌሊት በር የሚንኳኳባችሁ ሰዎች ናችሁ፤ አከብራችኋለሁ። ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ እኛ መጣ። ክንዱ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ 3 ቀን ቆይቷል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ሲነኩት አይሰማውም። ለሁለት ሌሊት አልቅሶ በሦስተኛው ዝም ብሏል፤ እናቱም «ተሻለው» ብላ አስባ ነበር። ያ ዝምታ መሻል አልነበረም። ደም የተነፈገ ጡንቻ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ወደ ነበረበት የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። የዚያ ልጅ ክንድ ተቆረጠ። እለምናችኋለሁ፤ ስብራት እንደሚያብጥ እያወቃችሁ አታጥብቁ። የታሰረ ሰው ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀርከሃውን ማሰሪያ ወዲያው ላሉትና ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። በሐኪም ቤት የታሰረ ጀሶም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፤ ያኔም ያለ ቀጠሮ ሩጡ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ምን እናድርግ? ጀሶው የሚከለክለው የተሰበረውን ቦታ ማንቀሳቀስ ነው፤ የቀረውን ሰውነት አይከለክልም። አክስቴ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሦስት ወር ቆየች። አንጓዋ በደንብ ገጠመ። ትከሻዋ ግን ተያዘ፤ ፀጉሯን መሥራት፣ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፣ ከቁም ሣጥን ዕቃ ማውረድ አቃታት። ትከሻዋ መቼ ተሰበረ? ማንም አልነካውም፤ ግን ማንም አላንቀሳቀሰውም። እጁ የታሰረ ሰው ጣቶቹን በየሰዓቱ ይጨብጥ፣ ይዘርጋ፤ ክርኑንና ትከሻውን ያንቀሳቅስ። እግሩ የታሰረ ሰው ጣቶቹን ያነቃንቅ፤ በሐኪም ከተፈቀደለት ዳሌውን ያንሣ፤ ጤነኛውን እግሩን ያሠራው። ሐኪሙን ደግሞ ጠይቁት፤ «የትኛውን ላንቀሳቅስ? እግሬ ላይ ምን ያህል ክብደት ልጣል? ከመቼ ጀምሮ?» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኔ በ19 ዓመቴ ሳልጠይቅ የቀረሁት ይህንኑ ነው።

ስለ ምግብ፤ የታመመ ሰው ቤት ገንፎና አጃ ይዘን መሄዳችን መልካም ነው። ግን ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ ጨምሩበት። ጾም የሚይዙ ሕመምተኞች የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሁለቱም እምነቶቻችን ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ጫትን በተመለከተ በግልጽ እናገራለሁ። አልጋ ላይ የተኛ ወጣት ዘንድ ጓደኞቹ ጫት ይዘው እየመጡ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲቅሙ አያለሁ፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጡንቻው በሚመነምንበት ሰዓት ምሳና እራቱም አብረው ይቀራሉ። ለወዳጃችሁ የምታስቡ ከሆነ ባቄላ ቆልታችሁ ውሰዱለት። ሆኖም ምግብ ብቻውን አይበቃም። በዚያው በማስትሪኽት አንድ እግራቸው ለ5 ቀን የታሰረ አዛውንቶች በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ፕሮቲን ተሰጥቷቸው ነበር፤ ጡንቻቸው ካልተሰጣቸው ሰዎች እኩል ቀነሰ። በሩን የሚከፍተው እንቅስቃሴ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጀሶው የወጣበት ቀን የሕክምናው መጨረሻ አይደለም። ያን ቀን ክራንቻችሁን አትጣሉ። መገጣጠሚያውን ቀስ እያላችሁ አፍታቱ፤ ከዚያ ክብደቱን በየሳምንቱ ጨምሩ፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ ማንሣት። ድካም ይኖራል፤ በማግሥቱ መጠነኛ የጡንቻ ሕመም ይኖራል፤ ያ አያስፈራ። የሚያስፈራው ባት ድንገት አብጦ ሲሞቅና ሲያም፣ ወይም ትንፋሽ ሲያጥርና ደረት ሲወጋ ነው። በማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና ያኔ በባጃጅም ይሁን በተገኘው ነገር በፍጥነት ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ሁላችሁም፣ አባቶችም እናቶችም፣ እዚያው በተቀመጣችሁበት ቀኝ እግራችሁን ዘርጉልኝ። ተረከዛችሁ መሬት ይንካ። ጉልበታችሁን ሳታጥፉ የፊት ጭናችሁን አጠንክሩ፤ የጉልበታችሁ ሎሚ ወደ ላይ ስትሳብ ይታያችኋል። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉና ዳስሱት፤ ጠነከረ አይደል? እስከ አምስት እንቁጠር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ልቀቁ። እንደገና። ይህን ጀሶ ውስጥ ያለ እግርም፣ ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ፣ አጥንቱን ሳያንቀሳቅስ ሊያደርገው ይችላል፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ቤታችሁ የታሰረ ሰው ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁት ቁጠሩ።

ከፊት የተቀመጡት እናት እጃቸውን አንሥተዋል። እባካችሁ ማይኩን አቀብሉልኝ። ይጠይቁ እናቴ፤ እየሰማሁዎት ነው።